ስለ ዓሣ ኩሬ፤ አዲስ ኩሬ ያበጀ ሰው ዓሣን እንዴት እንደሚያገባና እንደሚያስተዳድር

ከብት የሚያረባ ሰው የመስኩን ስፋት ሳይመለከት ላሞች ቢያበዛ፥ ሣሩ ባነሰ ጊዜ ላሞቹ ሁሉ እንደሚከሱና ወተታቸውም እንደሚነጥፍ የማያውቅ ገበሬ የለም። ዓሣ ግን ከውኃ በታች ስለሚኖር መክሳቱ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ መስኩን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ኩሬ በቆፈረ ጊዜ ያን ዕውቀቱን ይረሳውና ኩሬውን በዓሣ ጫጩት ይሞላዋል። ከሰባት ወይም ከስምንት ወር በኋላ ውኃውን ቢያፈስ የጣት ርዝመት ብቻ ያላቸው እጅግ ብዙ ዓሦች ያገኛል፤ ለገበያ የሚበቃው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ «ዓሣ በዚህ አገር አይሆንም» ይባልና ጉድጓዱ የእንቁራሪት ማደሪያ ሆኖ ይቀራል። የኩሬው መሬት ቀድሞ በቆሎ ወይም ጤፍ ያበቅል የነበረ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ጥፋቱ ግን የአገሩም የዓሣውም አይደለም፤ የቁጥር ነው።

ዓሣን በኩሬ ማኖር ጥንታዊ ሥራ ነው። በግብፅ አገር በቴቤስ፥ ነባሙን በሚባል የእህል ቆጣሪ ጸሐፊ መቃብር ግድግዳ ላይ ከ3,300 ዓመት በፊት የተሣለ አንድ ሥዕል ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉም ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ኩሬ፥ በኩሬውም ውስጥ ዳክዬና ቆሮሶ ዓሣ ይታያል። ይኸው ቆሮሶ፥ በሌላው ስሙ ቲላፒያ የሚባለው፥ ከጣና፥ ከዝዋይ፥ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቅ የሚጠመደው ነው። ለኩሬ የተመረጠበትም ምክንያት ሥጋ አዳኝ ዓሣ ሳይሆን በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ረቂቅ አረንጓዴ ተክል የሚመገብ፥ ፍሩሽካም ቢሰጡት የማይንቅ፥ ችግርንም የሚታገሥ ስለ ሆነ ነው።

ዳሩ ግን ብርድን አይታገሥም። ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እጅግ ያድጋል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብል ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ቢደርስ ይሞታል። ስለዚህ የቆሮሶ ስፍራው ቆላና ዝቅተኛው ወይና ደጋ ነው። በደጋ ያለ ሰው በትርፍ ተስፋ መሬቱን ከመቆፈሩ አስቀድሞ በአቅራቢያው ያለውን የቆመ ውኃ ሙቀት ቢያስለካ ከብዙ ኪሣራ ይድናል። የትምህርት ቤቱ መምህር ቴርሞሜትር ያለው እንደ ሆነ፥ ተማሪዎቹ ለአንድ ወር ጧትና ከቀትር በኋላ ለክተው በሰሌዳ ላይ ቢጽፉት፥ ለመንደሩ ሽማግሎች ከብዙ ክርክር የሚበልጥ ማስረጃ ይሆናል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚመረመረው አፈሩ ነው። ከመሬቱ ጥቂት አፈር ወስዶ፥ በውኃ አርሶ፥ በእጅ ጨብጦ እንደ ኳስ ማድረግና ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው፤ ቢበታተን አሸዋ በዝቶበታልና ውኃ አይዝም፤ ሳይፈርስ ቢቀር ደኅና ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ጧት በውኃ መሙላት፥ ማታ የጎደለውን መልሶ መሙላትና በቅጠል መክደን፥ በማግሥቱም ጧት መመልከት ያስፈልጋል፤ ውኃው አብዛኛው ካለ ስፍራው ለኩሬ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን መጉደሉ አያስደንቅም፥ ደረቁ አፈር ይጠጣልና። የዋልካ መሬት ውኃን በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፥ ግድቡ በዋልካ የተሠራ እንደ ሆነ ኩሬውን ለብዙ ወራት ባዶ ማቆየት አይገባም።

ለአንድ ቤተሰብ 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ወርድ ያለው ኩሬ፥ ማለት 200 ካሬ ሜትር፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ጥልቀቱ ውኃ በሚገባበት በኩል 70 ሳንቲሜትር፥ በሚወጣበት በኩል 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ቢሆን መልካም ነው። ከዚህ ቢያንስ አረም ከሥሩ ይበቅላል፤ እጅግ ቢጠልቅ ደግሞ የታችኛው ውኃ ይቀዘቅዛል። ለግድቡ ሥር የሰደደበትን የላይኛውን አፈር ገፍፎ ማንሣት፥ ከዚያም በኋላ አፈሩን በስንዝር በስንዝር እየደለደሉ መጠቅጠቅ ይገባል። አፈሩን እንዲያው ከምሮ መተው በመጀመሪያው ክረምት ግድቡን ለጎርፍ መስጠት ነው። በግድቡ ላይ ሰርዶ ይተከልበት፤ ዛፍ ግን አይተከልበት፥ ሥሩ ግድቡን ይበሳዋልና። ውኃ በሚገባበትና በሚወጣበት ቧንቧ ላይ ወንፊት ይደረግ። ወንፊቱ የኩሬውን ዓሣ ከመውጣት፥ የወንዙንም ዓሣ ከመግባት ይከለክላል።

ብዙ ሰዎች ኩሬ እንደ ወንዝ ውኃው ሲፈስበት የሚሻል ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም ከምንጭ የጠለፉትን ውኃ ቀንና ሌሊት በኩሬው ያሳልፉታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የዓሣው መብል በውኃው ውስጥ የሚበቅል ስለ ሆነ፥ ውኃው በወጣ ቁጥር መብሉ አብሮ ይወጣል፤ የሚገባውም ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ኩሬው የሚገባው ውኃ በፀሐይና በስርገት የጎደለውን የሚተካ ያህል ብቻ ይሁን።

ኩሬው እንደ ተሞላ ዓሣ ማስገባት አይገባም። ጥሩ ያልታረሰ ማሳ ዘር እንደማይዘራበት ሁሉ፥ ውኃውም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የውኃው እርሻ ፍግ ነው። ኩሬው ከመሞላቱ በፊት ለያንዳንዱ 100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ደረቅ የከብት ፍግ በኩሬው ወለል ይበተናል፤ ቀዩና ጎምዛዛው አፈር ባለበት አገር ደግሞ አስቀድሞ ኖራ ይጨመራል፥ የኖራውን መጠን የወረዳው የግብርና ባለሙያ አፈሩን መርምሮ ይወስናል። ከዚህ በኋላ በኩሬው ማዕዘን ላይ በእንጨት የታጠረ ትንሽ ስፍራ ተበጅቶ ፍጉና ርጥብ ሣሩ በየሳምንቱ በዚያ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ እየሟሟ ወደ ውኃው ይሠራጫል። የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ ይልቅ ኃይለኛ ነውና ያንሳል።

ፍጉን ዓሣው ይበላዋል ማለት አይደለም። ፍጉ በውኃው ውስጥ ያሉትን፥ አንድ በአንድ ለዓይን የማይታዩትን አረንጓዴ ተክሎች ይመግባል፤ እነርሱን ደግሞ ረቂቃን የውኃ ነፍሳት ይመገቧቸዋል፤ ዓሣውም ሁለቱንም ይበላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ውኃው እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን፥ የማያውቅ ሰው «ውኃው ተበላሸ» ይላል፤ የሚያውቀው ግን ማዕዱ እንደ ተዘረጋ ይረዳል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰው ክንዱን ወደ ውኃው ቀጥ አድርጎ፥ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያግባ። ውኃው ክርኑ ዘንድ ሲደርስ መዳፉ ከዓይን ቢሰወር ልክ ነው፤ ክርኑ ሰጥሞ መዳፉ ገና ቢታይ መብሉ አንሷል፥ ፍግ ይጨመር፤ ውኃው ገና ከእጁ አንጓ ጥቂት ሳያልፍ መዳፉ ቢሰወር በዝቷልና ፍጉ ይቁም። ይህ ፈተና ግን ለአረንጓዴ ውኃ እንጂ በጭቃ ለደፈረሰ ውኃ አይሆንም። ጭቃ ብርሃንን ይጋርዳል እንጂ አይመግብም።

በዚህ ስፍራ ስለ መርዝ መናገር ይገባል። በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበት ውኃ ወደ ኩሬ ቢገባ ዓሣው በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ የተረጨበትም ዕቃ በኩሬው አይታጠብ። ብርብራም የተወቀጠ ፍሬው ዓሣን እንደሚያሰክር የወንዝ ዳር ሰዎች ከጥንት ያውቃሉ። እንዶድም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው በምርመራ አስረዱ። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይኸው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በኩሬውም ሆነ ኩሬውን በሚሞላው ቦይ ልብስ በእንዶድ አይታጠብ።

የዓሣ ጫጩት የሚገኘው ለዚህ ከተሰየመ ስፍራ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ በመረብ አፍሶ ማምጣት ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይነቱ ያልታወቀ ዓሣና በሽታ አብረው ይመጣሉ። ዓሣን ካንዱ ውኃ ወደ ሌላው ማዛወርም በመንግሥት ሕግ የሚታይ ነገር ስለ ሆነ (የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315/1995) አስቀድሞ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ይህ በተለይ ለጣና አካባቢ ይሠራል። በጣና ሐይቅ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከኩሬ በጎርፍ አምልጦ የገባ እንግዳ ዓሣ እነርሱን ቢጎዳ የሚመልሳቸው የለም።

ጫጩቶቹ የሚጓዙት ማለዳ ወይም ማታ፥ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ከመጓዛቸው በፊት አንድ ቀን መብል አይሰጣቸውም፥ ያለዚያ በኩሳቸው የያዛቸውን ውኃ ያበላሹታል። ኩሬው ዘንድ ሲደርሱ ወዲያው ማፍሰስ እነርሱን መግደል ነው። ከነከረጢቱ ወይም ከነባልዲው በኩሬው ላይ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ማንሳፈፍ፥ ከዚያም የኩሬውን ውኃ በኩባያ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመር፥ በመጨረሻ ዕቃውን አዘንብሎ በራሳቸው ፈቃድ እንዲወጡ መተው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በፍግና በጥቂት ፍሩሽካ ለሚተዳደር ኩሬ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይበቃል፤ ለ200 ካሬ ሜትር 400 ማለት ነው። አራት መቶ ጫጩት በባልዲ ውስጥ ሲታይ እጅግ ጥቂት ይመስላል፤ ስለዚህ ባለ ኩሬው ሺሕ እንዲጨመርለት ይለምናል። እንግዲህ ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ይጠቅማል። ኩሬው ባለው መብል በጠቅላላው 80 ኪሎ ዓሣ ሊመግብ ይችላል እንበል። በውስጡ 400 ዓሣ ቢኖር ለያንዳንዱ 200 ግራም ይደርሰዋል፤ ይህ በገበያ የሚሸጥ፥ በድስትም የሚታይ ዓሣ ነው። 4,000 ቢሆኑ ግን ለያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ግራም ነው። በሁለቱም ጊዜ ኩሬው የሰጠው 80 ኪሎ ነው፤ የኋለኛውን ግን የሚገዛ የለም።

ባለ ኩሬው 400 ብቻ ቢያስገባም ነገሩ አላለቀም። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና በሁለትና በሦስት ወሩ፥ ክብደቱ ከ30 እስከ 50 ግራም ሳለ፥ መራባት ይጀምራል። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ እንደ ሣህን ክብ ጎድጓዳ ስፍራ ይቆፍራል፤ ሴቷ በዚያ ዕንቁላሏን ጥላ፥ ወንዱ ካዳቀለው በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች። ዕንቁላሉ በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ አደጋ ሲያዩ ወደ እናታቸው አፍ ተመልሰው ይሸሸጋሉ። ይህ ድንቅ ፍጥረት ነው፤ ለባለ ኩሬው ግን ሁለት ጉዳት አለበት። አንደኛ፥ ሴቷ ልጆቿን በአፏ በያዘች ጊዜ አትመገብምና አታድግም። ሁለተኛ፥ ልጆቹ በእናት አፍ ስለሚጠበቁ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ውኃው ሞቃት እንደ ሆነም እናቲቱ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ ደግማ ትወልዳለች። እንግዲህ በመስከረም 400 የነበረው በመጋቢት ስንት ሺሕ እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም።

ለዚህ የሚሆኑ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ወንዶቹን ብቻ ማኖር ነው። ዓሦቹ 30 ግራም ያህል በሆኑ ጊዜ አንድ በአንድ ገልብጦ ከሆድ በታች መመልከት ነው፤ ወንዱ ከኩስ መውጫው ሌላ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ሴቷ ግን ሁለት አላት። ቀዳዳው ረቂቅ ስለ ሆነ በስፍራው ላይ ጥቂት ቀለም ቢነካ ይገለጣል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዓይናቸው የጠራ ወጣቶች ከሽማግሎች ይልቅ ፈጥነው ይማሩታል፤ ሆኖም ከመቶው ጥቂት ሴቶች ሳይታወቁ ማለፋቸው አይቀርም። ወንዱ ከሴቷ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ ጥቅሙ ድርብ ነው። ሴቶቹም ለመብል ስለሚሆኑ አይጣሉም። አንዳንድ ማራቢያ ስፍራዎችም ወንድ ብቻ የሆኑ ጫጩቶች ያዘጋጃሉና መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ አምባዛን ማስገባት ነው። አምባዛ ትናንሾቹን የቆሮሶ ልጆች ይበላል፤ እርሱ ግን ያለ ጎርፍ በኩሬ ውስጥ እንደ ልብ አይራባም። ለ10 ቆሮሶ አንድ አምባዛ ይበቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አምባዛው ከቆሮሶዎቹ ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ቢገባ የሚበላው የተገዙትን ጫጩቶች ነው። ስለዚህ ቆሮሶዎቹ አድገው ለአፉ የማይገቡ በሆኑ ጊዜ፥ አምባዛው ገና ከእነርሱ ያነሰ ሳለ ይግባ። አምባዛ አየርን መሳብ ስለሚችል በዝናብ ሌሊት በምድር ላይ እየተሳበ ይሄዳልና፥ ግድቡ ከውኃው በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ሦስተኛውም፥ እጅግ ቀላሉ፥ ኩሬውን ሳያዘገዩ በስድስትና በሰባት ወር ማጨድ ነው።

መብሉን በተመለከተ፥ ሁለት እጅ ፍሩሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቢቀላቀል ይበቃል፤ የጠላ አተላም ጥቂት ቢሆን ይጠቅማል። የቀኑ ድርሻ ከዓሦቹ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ነው። ለምሳሌ 400 ዓሦች እያንዳንዳቸው 50 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው፤ ከመቶው አራት እጅ 800 ግራም ይሆናል፤ ግማሹ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፥ ግማሹ ከቀትር በኋላ፥ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ይሰጣል። ክብደቱን ለማወቅ በየወሩ 20 ዓሦች በመረብ አውጥቶ መመዘንና ለ20 ማካፈል ነው። ይህን ተማሪዎች ቢሠሩት የሒሳብ ትምህርታቸው ሕይወት ያገኛል። ክብደቱ ከወር ወደ ወር ሳይጨምር ቢቀር ባለ ኩሬው ወለላውን ሳያፈስ ወለሉ ላይ የሚሆነውን ያውቃል፤ ወይ መብል አንሷል፥ ወይ ልጆች በዝተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ኩሬው የሚጎበኝበት ሰዓት ንጋት ነው። አረንጓዴዎቹ የውኃ ተክሎች በቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅንን ይሰጣሉ፤ በሌሊት ግን እንደ ዓሣው ራሳቸው ይወስዱታል። ስለዚህ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ቢታዩ መጫወታቸው አይደለም፥ መታፈናቸው ነው። ያን ጊዜ ፍግና መብል ወዲያው ይቁም፤ ንጹሕ ውኃም ይግባ። ባለ ኩሬው እስከ ረፋድ የተኛ እንደ ሆነ ግን ፀሐይ ስትወጣ ዓሦቹ ይወርዳሉና ምልክቱን ሳያይ ይቀራል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚያየው የሞቱትን ነው።

ኩሬ ለመንደር ሕፃናት አደጋ መሆኑም አይዘንጋ። አጥር ይታጠርለት፤ መዋኛም አይሁን። በዳሩ በውኃው ውስጥ የሚበቅለው ሣር በየሳምንቱ ይታጨድ፤ የወባ ትንኝ ዕጭና የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚሸሸጉት በዚያ ነው። ዳሩ የጠራ እንደ ሆነ ብዙውን ዕጭ ዓሦቹ ራሳቸው ይለቅሙታል።

ጫጩት የሚገባበት ወራት እንደ አገሩ ነው። በቆላ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ቢገባ፥ የዓሣ ገበያ በሚደራበት በዐቢይ ጾም ወራት ይደርሳል። በወይና ደጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ እድገቱን ስለሚያግድ፥ በበጋ የማይነጥፍ ውኃ ያለው ሰው በየካቲት ቢያስገባ ይሻለዋል። በማጨጃው ቀን ሥራው ሌሊት ሊነጋ ሲል ይጀመር፤ ገዢውም አስቀድሞ ይታወቅ፥ ዓሣ በሙቀት ግማሽ ቀን አይቆይምና። የተረፈው ተሰንጥቆ፥ ጨው ተደርጎበት ይድረቅ።

ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ወለሉ እስኪሰነጠቅ በፀሐይ ይደርቃል፤ በጭቃው ውስጥ የተሸሸጉት ትናንሽ ቆሮሶዎች ሁሉ በዚያ ካልጠፉ ለሁለተኛው ጊዜ የሚገቡትን 400 ጫጩቶች ቀድመው መብላቸውን ይሻሟቸዋል። ከወለሉ የተዛቀው ጥቁር ጭቃ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ከፍግ የማያንስ ነው።